የሞተር የፊት ሾክ ዘይት ሲያፈስ ሲሉን እንዴት እንቀይራለን?

«ሲሉን ካስቀየርኩ ወር አልሞላውም፤ ሾኩ እንደገና ዘይት ያፈሳል። ምን ላድርግ?» ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይበዛብኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ መሀል ከተማ የሚነዱ ናቸው። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ ልደታ ሲመላለሱ የሚውሉ፣ ዕቃ የሚያደርሱ ልጆችም አሉበት። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሙሉውን አሠራር እዚህ ላስቀምጠው።

ዋናውን ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ሲል፣ ማለትም ቱቦውን አቅፎ ዘይቱን ሾኩ ውስጥ የሚያስቀረው የጎማ ቀለበት፣ እንዲሁ በራሱ ብዙም አይበላሽም፤ የሚያበላሸው አለ። ቱቦው ላይ ያለ ዝገት፣ ጭረት ወይም ከሲሉ ከንፈር ሥር የገባ አሸዋ ነው። ያንን ሳታጠፉ አዲስ ሲል ብታስገቡ አዲሱም በአሮጌው መንገድ ይሄዳል።

መመሪያው ለተለመደው ዓይነት ሾክ ነው። የሚያብለጨልጨው ክሮም ቱቦ ከላይ፣ ወፍራሙ የአሉሚኒየም ቀፎ ከታች ሆኖ ጎማውን የሚይዝ። ቦክሰር፣ ዋይ ቢ አር እና ሲጂ 125 የሚባሉት ሞተሮች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ወፍራሙ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች የሆነ ሾክ ያላችሁ ይህን አትከተሉ፤ የውስጡ አሠራርም መፍቻውም ሌላ ነው።

በእርግጥ የሚያፈሰው ሲሉ ነው?

ዘይት ስላያችሁ ብቻ ሲል ለመግዛት አትሩጡ። ሾኩን በጨርቅና በነጭ ጋዝ ከላይ እስከ ታች አጽዱት፤ አድርቁት። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች አሥር ጊዜ ያህል ጫን ለቀቅ አድርጉት። አሁን በንጹሕ ሶፍት ከላይ ጀምራችሁ ጠርጉ።

ክሮም ቱቦው ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ጥፋቱ የሲሉ ነው። ቱቦው ደረቅ ሆኖ ከቀፎው ግርጌ ከሚንጠባጠብ የታችኛው ቡሎን የመዳብ ሮንዴላ ነው፤ እሱ ሲል ሳይነካ ይቀየራል። ዘይቱ ከላይኛው ክዳን ከሆነ የክዳኑ ክብ ጎሚኒ ነው። ከካሊፐሩ (የፍሬን ዲስኩን ከሚጨምቀው ክፍል) ወይም ከፍሬኑ ቱቦ አካባቢ የሚወርደው ግን የፍሬን ዘይት ነው። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አትንዱት፤ መጀመሪያ ፍሬኑ ይሠራ።

ሳትፈቱ በፊት ይህን ሞክሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ውስጥ ቁፋሮ አይጠፋም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ሾኩ ወደ ውስጥ ሲገባ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከሲሉ ከንፈር ሥር ይገባና ከንፈሩን ከፍቶ ይይዘዋል። ሲሉ አልተቀደደም፤ መዝጋት ብቻ አቅቶታል። እንዲህ ያለውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ማዳን ይቻላል።

ከሃይላንዱ ወገብ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡ። በአንዱ ጫፍ በኩል ጎኑን ቆርጣችሁ ትንሽ መንጠቆ አውጡለት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ሲሉን እንዳይቆርጥ። የላይኛውን የአቧራ ሲል በጥፍራችሁ ወይም በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡት፤ ቱቦውን እንዳትጭሩ ተጠንቀቁ። ሥሩ ያለውን ጭቃ ጥረጉ። ፕላስቲኩን በዘይት አርሱና በቱቦውና በዋናው ሲል መካከል አስገቡት። ዙሪያውን አንድ ጊዜ አዙራችሁ መንጠቆውን ወደ ላይ ሳቡ። ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ፕላስቲኩን እየጠረጋችሁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት።

ጨርሳችሁ ሾኩን ጫን ለቀቅ አድርጉና ጥረጉት። ሁለት ቀን ነድታችሁ ቱቦው ከደረቀ ሥራው አልቋል። ከወጪም ከልፋትም ዳናችሁ። ካፈሰሰ ወደ ቀጣዩ።

ቱቦውን መርምሩ

ሲሉ የሚሠራው ቱቦውን ተጠግቶ በመጥረግ ነው። ቱቦው ላይ አንድ ሹል ነገር ካለ ሾኩ በወጣ በገባ ቁጥር የሲሉን ከንፈር ይቆርጠዋል። መሀል ከተማ አንድ ቀን ስትነዱ ሾኩ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚወጣና እንደሚገባ አስቡት። ኮብልስቶኑ አለ፣ ጉድጓዱ አለ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው አለ።

በመጀመሪያ ሲሉ የሚያልፍበትን ቦታ ለዩ። ቱቦው ላይ፣ ከአቧራ ሲሉ በላይ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ። አንድ ቀን እንደተለመደው ንዱ። ማሰሪያው ተገፍቶ የደረሰበት ድረስ ያለው ቦታ ለእናንተ ወሳኙ ነው። ከዚያ በላይ፣ ማቀፊያው (ቱቦዎቹን ከመሪው በታች አቅፎ የሚይዘው ብረት) ሥር ያለ ዝገት መልክ ያበላሻል እንጂ ዘይት አያስፈስስም።

ወሳኙን ቦታ በሁለት መንገድ ፈትሹ። ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታችም፣ ዙሪያውንም አሂዱት። ከዚያ የጥጥ ቁራጭ ይዛችሁ ቱቦውን ጥረጉ። ጥጡ ክር ጥሎ የቀረበት ቦታ ሹል አለ። ዓይን ያላየውን ጥጥ ያገኘዋል። ሾካችሁ የጎማ ሽፋን ካለው ሽፋኑን አንሥታችሁ እዩ። ሽፋኑ ከጭቃ ቢከላከልም ሥሩ ውሃ ከቋጠረ ቱቦውን ማንም ሳያየው ያዝገዋል።

ያገኛችሁት ነገር ትንሽ ዝገት ወይም ከፍ ያለ ጭረት ከሆነ ቁጥር 1500 ወይም 2000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሳችሁ አለስልሱት። እጃችሁ ቱቦውን ዙሪያውን ይዙር፤ ከላይ ወደ ታች በፍጹም አትፈግፍጉ። ወደ ታች የሄደ ጭረት ለዘይቱ ቦይ ሆኖ ያገለግላል። ዙሪያውን የሄደውን ግን ሲሉ ይሻገረዋል። የምታነሡት ሹሉን ብቻ ነው፤ ክሮሙን አትብሉት። ጨርሳችሁ በነጭ ጋዝ እጠቡ። ከብርጭቆ ወረቀቱ የቀረ ዱቄት አሸዋ ማለት ነውና።

ክሮሙ ተላጦ ጉድጓድ ከሆነ፣ ወይም ዝገቱ ወሳኙን ቦታ በሰፊው ከያዘ፣ ቱቦው ይቀየር። እዚህ ላይ አልደራደርም። ጉድጓድ ያለበት ቱቦ ላይ አዲስ ሲል ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። አንድ ትንሽ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ ጠንካራ ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ሞልቶ፣ ሲደርቅ ከቱቦው እኩል እስኪሆን ማለስለስ ቱቦው እስኪቀየር ለጊዜው ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሲል ስትገዙ በሞተሩ ስም ብቻ አትጠይቁ። አንድ ስም ያለው ሞተር በየዓመተ ምርቱ ሊለያይ ይችላል። አሮጌው ሲል ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 31×43×10.3 ቢል፣ 31 የቱቦው የውጭ ስፋት (ዲያሜትር) ነው፣ 43 የሲሉ የውጭ ስፋት፣ 10.3 ከፍታው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ከጠፋ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ የሞተር መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ማስተያየት የተለመደ ነው፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ጎማው የደረቀ ወይም ጠርዙ የተሰነጠቀ ከሆነ መልሱት። ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ የቆየ ሲል ገና ሳይሠራ ያረጀ ነው።

ይህን አዘጋጁ፦

- ዋና ሲል 2፣ የአቧራ ሲል 2። አንዱ ጎን ብቻ ቢያፈስም ሁለቱንም ቀይሩ፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው። ሁለቱ ሾኮች የተለያየ ዘይት ከያዙ ደግሞ የፊቱ አካል እኩል አይሠራም።
- ለታችኛው ቡሎን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ 2
- የሾክ ዘይት፤ ውፍረቱንና መጠኑን ከሞተሩ መጽሐፍ ውሰዱ። ለትንንሽ ሞተሮች ውፍረቱ 10 ደብልዩ (10W) የሆነው የተለመደ ነው።
- መፍቻዎች፣ ቡሶላ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ (ረጅም ዘንግ ያለው)
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ መዶሻ
- ቱቦው ላይ ተንሸራቶ የሚገባ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል
- 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ቀጭን ቱቦ። ሲሪንጅ ካጣችሁ መስመር ያለው አዲስ ጡጦ መጠኑን ይለካላችኋል።
- ማስመሪያ፣ ፌስታል፣ ነጭ ጋዝ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳፋ
- የቡሎን ማጣበቂያ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው
- መነጽርና ጓንት

ስለ ዘይቱ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የሞተር ዘይት አይሆንም። ጣሳው ላይ 10 ደብልዩ 40 ቢልም ከ10 ደብልዩ የሾክ ዘይት በብዙ ይወፍራል፤ የሾክና የሞተር ዘይት አቆጣጠር አንድ አይደለም። ሾኩ ይጠነክራል፣ እጃችሁን ይመታል። የሾክ ዘይት ካጣችሁ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይቀርበዋል፤ ግን ቀጠን ስለሚል ሾኩ ትንሽ ይለሰልሳል። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም። ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሲሉን ያበላሸዋል።

ማስጠንቀቂያ

ላይኛው ክዳን ሥር የተጫነ ስፕሪንግ አለ። ክዳኑ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፊታችሁን ከላዩ አታድርጉ፤ መነጽር አድርጉ፤ በጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ታች እየጫናችሁ ፍቱ።

ነጭ ጋዝና ቤንዚን ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብ አይከፈትም። በጋራ ግቢ ወይም ኮንዶሚኒየም ሥር የምትሠሩ ከሆነ ጎረቤት ቡና እያፈላ አለመሆኑን እዩ።

የፊቱን ጎማ ለማንሣት ብሎኬት አትጠቀሙ። መሀሉ ባዶ ነው፤ ድንገት ይሰበራል። ጠንካራ እንጨት ደርድሩ።

አሠራር

1. ሞተሩን አቁሙ። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ በካባሌቶው አቁሙት። ከሞተሩ ሆድ ሥር እንጨት አስገቡና የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡ። ክብደቱ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ እንዳያርፍ። የኋላውን በገመድ ከቋሚ ነገር ጋር እሰሩት። በኋላ ቡሎን ስትታገሉ ሞተሩ እንዳይወድቅባችሁ ነው።

2. ፎቶ አንሡ። ገመዶቹ በየት እንደሚያልፉ፣ ቱቦው ከላይኛው ማቀፊያ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በስልካችሁ አንሡ። ከፍታውን በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉት። ስትመልሱ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

3. ጎማውን፣ ካሊፐሩንና ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ) አውጡ። ካሊፐሩን በሽቦ ከሞተሩ አካል ላይ ስቀሉት፤ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል። ካሊፐሩ ወጥቶ ሳለ የፍሬን መያዣውን አትጫኑ። ፒስተኑ ይወጣና ሌላ ሥራ ይከፈታል።

4. የታችኛውን ቡሎን አሁኑኑ አላሉ። ቀፎው ግርጌ፣ ከሥር በኩል፣ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ቡሎን አለ። ብዙ ሰው ሾኩን አውጥቶ፣ ስፕሪንጉን አውጥቶ፣ ከዚያ ይህን ለመፍታት ይሞክራል፤ ቡሎኑም ከውስጡ ዘንግ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ሾኩ ገና ማቀፊያው ውስጥ፣ ስፕሪንጉም ዘንጉን ተጭኖ ሳለ ግን ዘንጉ ስለሚያዝ ቡሎኑ ይለቃል። የቡሎኑን ጉድጓድ ከጭቃ አጽዱ፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ቀፎውን ረዳት ወደ ላይ እንዲገፋ አድርጉና በአንድ ኃይለኛ ምት አላሉት። ሙሉ በሙሉ አትፍቱት፤ ዘይቱ ይፈስሳል።

5. የላይኛውን ክዳን አላሉ። በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ የላይኛውን ማቀፊያ ቡሎን ፍቱ፤ ክዳኑን ጨምቆ የያዘው እሱ ነው። የታችኛው ማቀፊያ ግን ጠብቆ ይቆይ፣ ቱቦው እንዳይዞር። ከዚያ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አላሉ። መሪው ከላዩ ከተጋረደ መሪውን ፈትታችሁ ወደ ኋላ አስተኙት።

6. ሾኩን አውጡ። የታችኛውን ማቀፊያ ፍቱና ሾኩን እያዞራችሁ ወደ ታች ሳቡ። ዝገት ይዞት እንቢ ካለ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ጠብቁ። በብረት መዶሻ አትምቱት። ከዚህ በኋላ አንዱን ሾክ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ፤ የአንዱ ዕቃ ከሌላው እንዳይቀላቀል።

7. ክዳኑን ፍቱ፣ ዘይቱን አፍስሱ። ማስጠንቀቂያውን አስታውሱ። ስፕሪንጉ ሲወጣ የትኛው ጫፍ ከላይ እንደነበር እዩ። ብዙዎቹ በአንድ በኩል ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ሾኩን ሳፋ ላይ ገልብጣችሁ ቱቦውን ብዙ ጊዜ አስገቡ አውጡት፤ ውስጡ የቀረ ዘይት አለ። ካላፈሰሰው ሾክ የወጣውን በጡጦ ለኩ። ጥቂት ውስጥ ስለሚቀር ትክክለኛውን መጠን አይሰጣችሁም፤ ግን መጽሐፍ ለሌላችሁ መነሻ ይሆናል። ዘይቱንም እዩት። ግራጫና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ብረት እየተበላ ነው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

8. የታችኛውን ቡሎን ጨርሳችሁ አውጡ። አሁንም አብሮ ከዞረ ስፕሪንጉንና ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ሾኩን መሬት ላይ አቁማችሁ ረዳት እንዲጫነው አድርጉና ፍቱ። ይህም እንቢ ካለ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን እንደ እርሳስ ቅረጹ። ከላይ አስገብታችሁ የዘንጉ ራስ ቀዳዳ ውስጥ በመዶሻ ቀርቅሩት። እንጨቱን አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ቡሎኑን ይፍታ። በአየር የሚሠራ መፍቻ ያለው ጋራዥ ደግሞ ወዲያው ይጨርሰዋል፤ ለዚህ ብቻ ወስዶ ማስፈታት አያሳፍርም።

9. ቱቦውን ከቀፎው ለዩ። የአቧራ ሲሉን አውጡ። ሥሩ ያለውን የሽቦ ቀለበት በትንሽ ካቻቢቴ ከጎድጎዳው አንሡ። ቀለበቱን ሳታወጡ ቱቦውን ብትስቡ ጎድጎዳውን ትሰብራላችሁ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ቱቦው እንዲሁ ይወጣል። አንዳንዱ ግን ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) አለው፤ እሱን ቱቦውን እየገፋችሁ በፍጥነት ሳብ፣ ሳብ ስታደርጉት ሲሉና ቡሹ አብረው ይወጣሉ። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ሾጣጣ ብረት ትወድቃለች። ቀፎው ውስጥም ልትቀር ስለምትችል ገልብጣችሁ ፈልጓት። ያለሷ ሾኩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብረት ከብረት ይጋጫል።

10. አሮጌውን ሲል አውጡ። ሰፊ ካቻቢቴ ወይም የጎማ መፍቻ ብረት ተጠቀሙ፤ ከቀፎው አፍ ላይ ጨርቅ ወይም ጣውላ አድርጋችሁ በዚያ ተመርኮዙ። የካቻቢቴው ጫፍ ሲሉ የሚቀመጥበትን ግድግዳ አይንካ። እዚያ ላይ የተፈጠረ ጭረት ዘይቱን ከሲሉ ውጭ በኩል ያሳልፈዋል። ቱቦውም ሲሉም ደህና ሆነው ሾኩ ቢያፈስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

11. ሁሉን እጠቡ፣ ቱቦው ቀጥ ማለቱን ፈትሹ። ነጭ ጋዝ ውስጥ አጥባችሁ አድርቁ። ክር የማይጥል ጨርቅ ይሁን። ቱቦውን ወፍራም መስታወት ላይ አንከባሉት፤ ሥሩ ብርሃን ብቅ ጥልቅ ካለ ጠሟል። ሞተሩ ተጋጭቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስለኩት። ለብዙ ሞተሮች ገደቡ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። የጠመመ ቱቦ ሲሉን በአንድ ጎን እየገፋ ይበላዋል። ቅድም የፈተሻችሁትን ክሮም አሁን በደንብ ስለሚታይ ድገሙት፤ የላይኛውን ጠርዝም ጭምር።

12. ቱቦውን መልሱ፣ ታችኛውን ቡሎን እሰሩ። ዘንጉን ቱቦው ውስጥ አስገቡ፣ ሾጣጣዋን ብረት ጫፉ ላይ አድርጉ፣ ቀፎው ውስጥ ክተቱ። ለቡሎኑ አዲስ የመዳብ ሮንዴላና ጠብታ ማጣበቂያ። መዳቡ ሲጨመቅ ነው ዘይት የሚዘጋው፤ አንዴ የተጨመቀ ሁለተኛ በደንብ አይዘጋም። እንዳይዞር ስፕሪንጉን ለጊዜው አስገብታችሁ ተጫኑት። የማጥበቂያው ኃይል በመጽሐፉ ይሁን፤ በትንንሽ ሞተሮች 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ከመጠን በላይ ማጥበቅ የዘንጉን ጥርስ ይበላል።

13. አዲሱን ሲል አስገቡ። ቡሽ ያለው ሾክ ከሆነ ቡሹ ይቅደም። የቱቦውን አፍ በፌስታል ሸፍኑት፣ ፌስታሉን በሾክ ዘይት ቀቡት። ሲሉን በዚያ ላይ አንሸራቱት። የቱቦው ጠርዝ ስለታም ነው፤ ያለ ፌስታል ካለፈ ከንፈሩን ይቆርጠዋል፣ እናንተም አታዩትም። አቀማመጡን ልብ በሉ፦ ጽሑፉ ያለበት ፊት ወደ ላይ፣ ቀጭን ክብ ስፕሪንግ የሚታይበት ክፍት ጎን ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ። ዘይቱ ከውስጥ ሲገፋ ያ ጎን ከንፈሩን ወደ ቱቦው ያጣብቀዋል። ከተገለበጠ ግን ይከፍተዋል።

ሲሉ ቀፎው አፍ ላይ ሲደርስ ፌስታሉን አውጡ። አሮጌውን ሲል ከአዲሱ ላይ አድርጉ። በፕላስቲክ ቱቦው እኩል እኩል እየመታችሁ አውርዱት። ድምፁ ከድፍን ወደ ጥርት ያለ ሲቀየር ደርሷል። አሮጌውን ሲል አንሡትና እዩ፤ ለሽቦ ቀለበቱ የተሠራው ጎድጎዳ ዙሪያውን ሙሉ መታየት አለበት። በአንድ ጎን ከተደበቀ ሲሉ ጠሟል፤ ያን ጎን ምቱት። ቀለበቱን አስገቡ፣ ጎድጎዳው ውስጥ መግባቱን በካቻቢቴ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ የአቧራ ሲሉን።

14. ዘይት ሙሉ። ስፕሪንጉን አውጡ። ሾኩን ቀጥ አድርጋችሁ የለካችሁትን ዘይት ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ቱቦውን ቀስ እያላችሁ አሥር ጊዜ ያህል አንሡ አውርዱት፤ ውስጥ የታሰረው አየር እስኪወጣ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። አሁን ቱቦውን እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ ከአፉ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት ለኩ። ቀጭኑን ቱቦ በሚፈለገው ርቀት ልክ አስገብታችሁ ትርፉን በሲሪንጅ መምጠጥ ቀላሉ መንገድ ነው። ሁለቱ ሾኮች በሚሊ ሜትር እኩል ይሁኑ።

15. ስፕሪንጉንና ክዳኑን መልሱ። የክዳኑን ጎሚኒ ዘይት ቀቡ። ክዳኑን እየተጫናችሁ በእጅ አስጀምሩ፤ ጥርሱ ቀጭን ስለሆነ ጠሞ ከገባ ይበላሻል። ዋናው ማጥበቅ ሾኩ ማቀፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

16. ሞተሩ ላይ መልሱ። ሾኮቹን በለካችሁት ከፍታ አስገቡ፣ የታችኛውን ማቀፊያ አጥብቁ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በመጨረሻ የላይኛውን ማቀፊያ። ጎማውን፣ ካሊፐሩንና ፓራፋንጎውን ግጠሙ፤ ግን የፓራፋንጎውንና የጎማውን ዘንግ መጨመቂያ ቡሎን ገና አታጥብቁ። ሞተሩን አውርዱ፣ ሾኩን ብዙ ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጉት። ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ተስተካክለው ይቀመጣሉ። አሁን አጥብቁ። ይህ ከተዘለለ ሁለቱ እግሮች ተጣመው ይቀራሉ፤ ሾኩ ይከብዳል፣ ሲሉም በአንድ ጎን ያልቃል።

17. ፍሬኑን አዘጋጁ። መያዣውን ደጋግማችሁ ጫኑ፣ እስኪጠነክር። ይህን ሳታደርጉ ከግቢ አትውጡ፤ መያዣው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ባዶ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ጥረጉ። የፍሬን ሸራው ዘይት ከጠጣ ማጠብም ማቃጠልም አያድነውም፤ ቀይሩት። የፊት ፍሬኑ ባለ ከበሮ ከሆነ ክፈቱና ዘይት አለመግባቱን እዩ።

ብዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ዘይት መጨመር። ሾኩ ሲያፈስ «ቢያንስ ልሙላው» የሚል አለ። ዘይቱ ሲበዛ ውስጡ ያለው የአየር ቦታ ይጠባል፤ ሾኩ ሲገባ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲሉ ይብስ ይገፋል። በደንብ የተሠራ አዲስ ሲል ሳይቀር ሊያወጣ ይችላል።

ላቫጆ። ኃይለኛውን ውሃ በቀጥታ ወደ ሲሉ ማስረጨት አሸዋውን ወደ ውስጥ መንዳት ነው። አጣቢውን ልጅ ሾኩ አካባቢ በስፖንጅ ብቻ እንዲያጥብ ንገሩት። ጭቃ ደርቆ ከተለጠፈ ደግሞ ሾኩን ከመጫናችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ አንሡት።

ሲሉን በደረቁ ማስገባት። ዘይት ያልነካው ከንፈር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ይላጣል።

ቱቦውን በፒንሳ ወይም በሞርሳ መያዝ። የጥርሱ አሻራ ሁሉ ሹል ነው። መያዝ ግድ ከሆነ ሲሉ በማያልፍበት ጫፍ፣ በወፍራም ጎማ ጠቅልላችሁ ያዙ።

ከጨረሳችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ቀን ፀጥ ያለ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ ሞክሩ። በፒያሳ በኩል የቸርችልን ቁልቁለት ለመውረድ አትቸኩሉ፤ እዚያ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ቀን ቱቦው ላይ ቀጭን የዘይት ፊልም ብታዩ አትደንግጡ። ስትገጥሙ የቀባችሁት ነው። ጥረጉትና በማግሥቱ እዩ። ቀለበት ሠርቶ ከተመለሰ ግን መጀመሪያ በሃይላንዱ ፕላስቲክ አጽዱ፣ ካልዳነ ሲሉ ጠሞ እንደሆነ ከፍታችሁ እዩ።

ከሳምንት በኋላ የማቀፊያዎቹን፣ የጎማውን ዘንግና የካሊፐሩን ቡሎኖች አንድ በአንድ በመፍቻ ፈትሹ። የወጣውን አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ በጄሪካን አድርጋችሁ ዘይት ለሚቀይር ጋራዥ ስጡት፣ ከራሳቸው ጋር ያጠራቅሙታል።